ዳታቤዙ የተሳሳተ ሰዓት ሲያሳይ፦ መጀመሪያ ልዩነቱን ቁጠሩ

ደንበኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አዘዘ። ሲስተሙ ላይ ግን 06:00 ይላል። ኮድ ለመነካካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልዩነቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቁጠሩ፤ መንስኤውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ

የኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጆቹ 09:00 ነው፤ በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ) ደግሞ 06:00። ስለዚህ የተመዘገበው ልክ ነው፣ የጎደለው ማሳያው ላይ ነው። ዳታውን አትንኩ። በዩቲሲ ይቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀየር። 03:00 ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳይቶት ሊሆን ይችላል።

የቀን ሪፖርቱንም እዩት። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የተሸጠው ትናንት ላይ ተደምሮ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩ፣ ቀኑን ከዚያ ቁረጡ።

3 ሰዓት ወደ ፊት ከዘለለ

ይሄ ይብሳል፤ የተበላሸው ዳታው ራሱ ነው። የአዲስ አበባ ሰዓት ዩቲሲ ነው ተብሎ ገብቷል፣ ሲታይ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ተጨመረበት። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ከሆናችሁ ሰዓቱ የሚቀመጥበት ኮለም ታይምዞን (የሰዓት ቀጠና) የሚያውቅ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። መጀመሪያ የሚመዘግበውን ኮድ አስተካክሉ፤ ማስተካከያው የወጣበትን ደቂቃ ጻፉ። ባካፕ ያዙ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ከገቡት ላይ ብቻ 3 ሰዓት ቀንሱ፣ እሱም በትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይቀየራል ወይ ምንም አይቀየርም) ውስጥ ይሁን። ስክሪፕቱ ሁለቴ ከሮጠ 6 ሰዓት ይቀንሳልና የተስተካከለውን መዝገብ ምልክት አድርጉበት። እኛ ጋ በበጋም በክረምትም ሰዓት ስለማይቀየር 3 ሁሌም 3 ነው። በአብዛኛው አሜሪካ ላለ ተጠቃሚ ግን ልዩነቱ በዓመት ሁለቴ ስለሚቀያየር በአንድ ቁጥር መቀነስ አያዋጣም።

ሁሉም መዝገብ አንድ ሰዓት ከያዘ

ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ የሰዓቱ ዲፎልት (ሌላ ካልተሰጠ የሚገባው ዋጋ) «ታይምዞን.ናው()» ተብሎ ከነቅንፉ ተጽፏል። ሰርቨሩ ሲነሳ አንዴ ይሰላል፣ ከዚያ ለሁሉም ያው ይደገማል። ቅንፉን አጥፉት። የድሮው እውነተኛ ሰዓት ከዚህ ኮለም አይገኝም፤ ከሰርቨር ሎግ ወይም ከክፍያ መዝገብ ፈልጉት።

ጃንዋሪ 1970 ካያችሁ

ጃቫስክሪፕት ሚሊሰከንድ ሲጠብቅ ሰከንድ ሰጥታችሁታል። በ1000 አባዙት።