አዲስ ኦቨን በምጣድ መስመር ላይ እንዴት ይገናኛል?

እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኦቨን የሚገዛው በዓል ሲቃረብ ነው። በዋዜማው ድፎ ዳቦውም እንጀራውም እኩል መጋገር አለባቸው። ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ግን ጣጣው ይጀምራል።

ስለዚህ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ኦቨኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 አካፍሉት። 2,200 ዋት ከሆነ 10 አምፔር ይስባል። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ደግሞ 16 ገደማ። አብረው ሲሠሩ 26 አምፔር ነው። የምጣዱ ብሬከር 20 ከሆነ ሁለቱን አይችልም።

«ብሬከሩን በ32 ቀይረው» የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ እንዳትሰሙት! ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ባለ 2.5 (በካሬ ሚሊ ሜትር የሚለካው ውፍረቱ) ከሆነ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል። 32 የሚፈልግ ሰው ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ባለ 6 ሽቦ በአዲስ ያስዘርጋ።

ይሄ ወጪ ከከበዳችሁ ማቀያየሪያ ማብሪያ አስገቡ። ወይ ምጣዱ፣ ወይ ኦቨኑ ይሠራል። እኛ ቤት ያለው ይኸው ነው፤ ዳቦው ቀድሞ ይጋገራል። የማብሪያው አምፔር ከብሬከሩ እንዳያንስ።

ሥራውን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡ፤ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያ ቴስተሩ (መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው መሣሪያ) በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞከር። ከዚያ ዋናው ብሬከር ይጥፋና ቴስተሩ ምጣዱ መስመር ላይ ይደረግ። በድሮ ቤት የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ ፌዙንና ኑሉን (መብራት የሚመጣበትንና የሚመለስበትን ሽቦ) በመለኪያ ይለየው።

ግራውንዱን ሳታዩ አትልቀቁት። የኦቨኑ አካል ብረት ነው። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር ካልተገናኘ፣ ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላጥ በሩን የነካ ልጅ በኤሌክትሪክ ይያዛል። ግራውንድ ከሌለ ኦቨኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

ሽቦዎቹ በብሎን ከታሰሩ በኋላ አንድ በአንድ ሳብ ሳብ ይደረጉ። የላላ ካለ ነገ የሚቃጠለው እሱ ነው።

ሲያልቅ መስኮት ክፈቱና ኦቨኑን ባዶውን በ200 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት አሙቁት። የአዲስ ዕቃ ሽታው ይወጣለታል። ከዚያ የሶኬቱን ክዳን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉ። ከጋለ አጥፉና ባለሙያውን መልሳችሁ ጥሩ።

መብራት ሲሄድም ኦቨኑን ወዲያው አጥፉት። ተመልሶ ሲመጣ ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቁ።