«በቦርዱ የጸደቀ» ሲሏችሁ፦ ለሲኢ ሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ምን ታጣራላችሁ?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ፈቃዳችንን ለማደስ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የሚቀበለውን ተከታታይ የሙያ ትምህርት፣ ሲኢ የሚባለውን፣ በሰዓት ቆጥረን መውሰድ አለብን። ማደሻው ሲቃረብ አንዱ የሙያ ጓደኛ ይደውልና «አንቺ፣ ይኼ ሥልጠና ይያዝልኛል?» ይለኛል። የላከልኝን ማስታወቂያ ስከፍተው ከታች በደማቁ «በቦርዱ የጸደቀ» ይላል። እኔም «በየትኛው ቦርድ? ማን ነው ያጸደቀው? እስከ መቼ?» ብዬ እመልስለታለሁ። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የለመድኩት ከስሬ ነው።

2019 ላይ ኦዲት ደረሰኝ። ቦርዱ ፈቃድ ካደሱት ውስጥ በዕጣ እየመረጠ «ሰርተፊኬታችሁን አሳዩ» ይላል። 36 ሰዓቴን ሞልቻለሁ፤ ብሪዝ በሚባለው የኦንላይን ገጽ ላይም «ያልኩት ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ» የምትለዋ ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከፍዬ፣ አድሻለሁ። ምን ያስፈራኛል ብዬ ሰርተፊኬቶቼን ሰብስቤ ላክሁ። ሠላሳው ሰዓት አለፈ፣ ስድስቱ ወደቀ። የወደቁት ደግሞ የሕግና የሥነ ምግባር ሰዓቶች ነበሩ፤ በየዕድሳቱ ግዴታ ስለሆኑ በሌላ ትርፍ ሰዓት አይተኩም። ያንን ሰርተፊኬት አውጥቼ ደግሜ አየሁት። ስሜ አለ፣ የፈቃድ ቁጥሬ አለ፣ ወርቃማ ማኅተም አለ፣ ከሥር «ፒሲኢ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚያች ቁጥር ላይ ነበር።

ቦርዱ የምለው ሳክራሜንቶ ያለውን የካሊፎርኒያ የባሕርይ ሳይንስ ቦርድ፣ ሁላችንም ቢቢኤስ የምንለውን ነው። የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስቶች፣ ክሊኒካል ሶሻል ወርከሮች፣ ፕሮፌሽናል ክሊኒካል ካውንስለሮችና ኤዱኬሽናል ሳይኮሎጂስቶች ፈቃድ የሚያወጡት ከእሱ ነው። ሳይኮሎጂስት ከሆናችሁ ያላችሁ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ ደንብ ነው፤ የእኔን ምክር እንዳለ አትውሰዱት።

ቀድሞ ቢቢኤስ ራሱ ለአሠልጣኝ ድርጅቶች ቁጥር ይሰጥ ነበር። ድርጅቱ ያመለክታል፣ ክፍያውን ይከፍላል፣ ፒሲኢ ቁጥሩን ይቀበላል። ይህ አሠራር በ2015 ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ በአብዛኛው የሚያውቀው አጽዳቂዎችን ነው፤ አሠልጣኞቹን የሚመረምሩት እነሱ ናቸው። ከአጽዳቂዎቹ መካከል የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ኤፒኤ፣ የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር ኤንኤኤስደብሊው፣ የሶሻል ወርክ ቦርዶች ማኅበር ኤኤስደብሊውቢ፣ የካውንስለሮች ብሔራዊ ቦርድ ኤንቢሲሲ፣ የካሊፎርኒያ ቤተሰብ ቴራፒስቶች ማኅበር ካምፍት ይገኙበታል። አጽዳቂው አሠልጣኙን ይመረምራል፣ የኮርሱን ይዘት ያያል፣ ያጸደቃቸውን በዝርዝር ይይዛል፣ ቅሬታ ሲመጣም ይመልሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ቦርዱ ሸክሙን አቀለለ እንጂ ሸክሙ አልጠፋም፤ ወደ እኛ ወረደ። ኦዲት ሲመጣ ሰርተፊኬት የሚጠየቀው አሠልጣኙ ሳይሆን ተማሪው ነው።

እና የወደቁትን ስድስት ሰዓቶች የሸጠልኝ ድርጅት የሞተ ፒሲኢ ቁጥሩን ከሰርተፊኬቱ ላይ ሳያነሳ ዓመታት ሸጠ። ማስታወቂያው ላይ የነበረችው «ይህ ኮርስ በካሊፎርኒያ የባሕርይ ሳይንስ ቦርድ መስፈርት መሠረት ይቆጠራል» የምትለው ዐረፍተ ነገርም ድሮ ደንቡ ራሱ እንድትጻፍ ያዘዛት ናት። አሁንም በብዙ ገጽ ላይ ታገኟታላችሁ። በራሷ ምንም አታረጋግጥም።

ስለዚህ ሥልጠና ስታዩ ማስታወቂያውን ዝጉትና በአጽዳቂው በኩል ግቡ። ማስታወቂያው «በኤኤስደብሊውቢ የጸደቀ» ካለ፣ እዚያ ላይ ያለውን ሊንክ አትጫኑ፤ የኤኤስደብሊውቢን ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ የአሠልጣኙን ስም ፈልጉ። ኤንቢሲሲም ኤፒኤም እንዲህ ያለ ዝርዝር አላቸው። ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩት። «ሴንተር» ወይም «ኢንስቲትዩት» የምትል አንዲት ቃል ሁለት የተለያዩ ድርጅቶችን ልትለይ ትችላለች፤ አንዱ ጸድቆ ሌላው ያልጸደቀ። ቀጥሎ የማጽደቂያውን ቀን እዩ። የሚቆጠረው የከፈላችሁበት ቀን ሳይሆን ኮርሱን የወሰዳችሁበት ቀን ነው። ኅዳር ላይ በቅናሽ ገዝታችሁ የካቲት ላይ የምትወስዱት ከሆነ ማጽደቂያው የካቲትን መሻገሩን አረጋግጡ። ሌላም አለ፤ ኤኤስደብሊውቢ አንዳንዴ ድርጅቱን ሙሉውን ያጸድቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ኮርስ ብቻ። አንድ ኮርሱ የጸደቀለት ድርጅት ሌሎቹን ዐሥር ኮርሶቹን በዚያው ማኅተም ሲሸጥ አይቻለሁ።

ያገኛችሁትን ገጽ ስክሪንሹት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። እኔ ከሰርተፊኬቱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጠዋለሁ። ዝርዝሩ ነገ ይቀየራል፤ እናንተ ግን የወሰዳችሁበት ዕለት ምን ይል እንደነበር ማሳየት ትችላላችሁ።

እውቅና ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮርስ የወሰደ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይድናል። አንድ የሴሚስተር ክሬዲት 15 ሰዓት፣ አንድ የኳርተር ክሬዲት 10 ሰዓት ሆኖ ይያዛል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም። በየሁለት ዓመቱ 36 ነው፤ ከውስጡ 6 ሕግና ሥነ ምግባር። ራስን የማጥፋት አደጋን ስለመገምገም 6 ሰዓት ከ2021 ጀምሮ፣ ስለ ቴሌሄልዝ፣ በስልክና በቪዲዮ ስለሚሰጥ ሕክምና፣ 3 ሰዓት ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተጨምረዋል፤ ሁለቱም አንዴ ከተሟሉ አይደገሙም። ገና አሶሼት የሆናችሁ፣ ማለትም ለሙሉ ፈቃድ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር የምትሠሩ፣ በየዕድሳቱ 3 ሰዓት የካሊፎርኒያ ሕግና ሥነ ምግባር አለባችሁ። የተረፈ ሰዓት ወደ ቀጣዩ ዙር አይሻገርም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ያንኑ ኮርስ ሁለቴ ወስዶ ሁለቴ ማስያዝም አይቻልም። ካሊፎርኒያ በኦንላይን ሰዓት ላይ ገደብ የላትም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ 36ቱንም መጨረስ ትችላላችሁ።

በሁለት ስቴት ፈቃድ ያላችሁ ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። አንዲት ጓደኛዬ ኒው ዮርክ ስትሄድ ካሊፎርኒያ ያለችግር ያለፉ ሰርተፊኬቶቿን ይዛ ሄደች። እዚያ ለሶሻል ወርከሮች አሠልጣኙን የሚያጸድቀው የስቴቱ የትምህርት መምሪያ ራሱ ነው። የኤኤስደብሊውቢ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። በሦስት ዓመት 36 ሰዓት ይጠየቃል፣ ለብቻ የሚጠና ኮርስ ደግሞ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። እንደ አዲስ ጀመረች። አሠልጣኙ ብዙ ማኅተም ደርድሮ ካያችሁት አትደነቁ፤ የእናንተ ስቴት ስም ያለበትን ፈልጉ።

ሰርተፊኬቱ ሲላክላችሁ ወዲያውኑ አንብቡት። ስማችሁና የፈቃድ ቁጥራችሁ፣ የኮርሱ ርዕስ፣ የአሠልጣኙ ስምና አድራሻ፣ ያጸደቀው አካል፣ ቀኑ፣ የሰዓቱ ብዛትና ፊርማ ሊኖርበት ይገባል። አንዱ ከጎደለ በዚያው ሳምንት አስተካክሉልኝ በሉ። አሠልጣኙ መዝገቡን አራት ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ድርጅቱ ከተዘጋ ግን ማን ጋ ትሄዳላችሁ? እናንተ ደግሞ ሰርተፊኬቱን ካደሳችሁበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማስቀመጥ አለባችሁ። ሁለት ዓመቱ ኮርሱን ከወሰዳችሁበት ቀን የሚጀምር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው።

አሠልጣኙ ካታለላችሁ ቅሬታውን መጀመሪያ ለአጽዳቂው ጻፉ። «ያጸደቃችሁት ድርጅት የሸጠልኝ ይህን ነው» ብላችሁ ሰርተፊኬቱንና ማስታወቂያውን አያይዙ። እኔ ቅሬታ የማቀርብበት አጽዳቂ አልነበረኝም፤ ያ ድርጅት የማንም አልነበረም። ስድስቱን ሰዓት ደግሜ ተማርኩ፣ ቅጣቴን ከፈልኩ፣ ዘጋሁት።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ሥልጠና ለማዘጋጀት ለምታስቡ ነው። ባለፈው ዓመት ከሊትል ኢትዮጵያ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዳራሽ፣ ጠበል ስለሚሄዱ ደንበኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጀን። እኛ አጽዳቂ ፊት ቀርበን አሠልጣኝ ለመሆን ጊዜውም ገንዘቡም አልነበረንም። ስለዚህ ቀድሞ የጸደቀ ድርጅት ፈልገን በጋራ ስፖንሰርነት ሠራን። ይህ መንገድ ለማኅበረሰብ ድርጅት ይመቻል፤ ግን ኃላፊነቱ የእነሱ ስለሆነ ሰርተፊኬቱ በእነሱ ስም ይወጣል፣ ይዘቱንም እነሱ ይመረምራሉ። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

የላክሁትን የሥልጠና ዓላማ መለሱብኝ። «ተሳታፊዎች ስለ ጠበል ይረዳሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። የምትገመግመው ሴትዮ «‹ይረዳሉ› በምን ይለካል?» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ልክ ናት። «ደንበኛው ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘረዝራሉ» ብዬ ቀየርኩት፤ አለፈ። ይህን ሳስተካክል ሥልጠናውም ተስተካከለ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ የጠበል ታሪክ ነበር እንጂ ማናችንም ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተን የምንሠራበት ነገር አልነበረውም። ቀጥሎ ስለ ጠበል እንዲናገሩ የጋበዝናቸውን የአባን ሲቪ ጠየቁ። አባ ሲቪ የላቸውም። ተቀምጠን ያገለገሉባቸውን ዓመታትና ቦታ እየነገሩኝ አንድ ገጽ አደረግሁት፤ ዋና አሠልጣኝ ግን ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ሆነ፣ አባ እንግዳ ተናጋሪ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ብለን አመልክተን ሦስት ተፈቀደልን። ግማሽ ሰዓቷን የበላችው ቡና ናት። በፕሮግራሙ ላይ «የቡና ሥነ ሥርዓት» ብለን ጽፈን ነበርና ገምጋሚዋ የባህል ትምህርት አለበት ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀች፤ የለበትም አልናት። ዕረፍት አይቆጠርም። አቦል ላይ መቆም ነበረብን፣ ቶና ደረስን፤ በረካው ለከሰዓት ተላለፈ።

ትልቁ ጣጣ ፊርማው ነው። ሲገቡም ሲወጡም ይፈረማል፤ አጽዳቂው የሚያምነው ያንን ወረቀት ነው። አርፍዶ የገባ ሰው ሰርተፊኬት አይሰጠውም ብለን በር ላይ አንድ ልበ ደንዳና ልጅ አቆምን። ያልጠበቅነው የበራሪ ወረቀቱን ነገር ነው። በአማርኛ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ» ብለን ነበር። እዚህ አገር የተወለደች፣ አማርኛ አሳምራ የምታነብ ካውንስለር ከሰዓት በኋላ በሦስት ሰዓት ደስ ብሏት ከተፍ አለች። በረካው እየተቀዳ ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9፡00» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።