ያገለገለ አይሱዙ ደንገጎን እየወጣ ስንት ያስወጣል?

ያገለገለ ኤንፒአር፣ ማለትም የአይሱዙ የጭነት መኪና፣ ሲገዛ ክርክሩ ሁሉ በመሸጫው ዋጋ ላይ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ለሚሠራ መኪና ግን ወጪውን የሚወስነው የደንገጎ አቀበት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። መኪናው ጭኖ በሙቀት ይወጣል፣ ፍሬን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ሒሳቡን በኪሎ ሜትር ያዙት።

ከናፍጣ ጀምሩ። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፤ በተለመደው ጭነት ሐረር ሁለቴ ደርሳችሁ ተመለሱና እዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ። 220 ኪሎ ሜትር ሄዶ 44 ሊትር ከጠጣ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር ሜዳ ላይ በባዶ የተለካ ሊሆን ይችላል። አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ከተፋ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አስፈትሹ።

ጎማው 7.50-16 ነው፤ ስድስት ይረግጣል፣ ከመለዋወጫው ጋር ሰባት። የስድስቱን ዋጋ በሚያስኬዱት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። የዘይትና የፊልትሮውን ወጪ ደግሞ በ5,000 ኪሎ ሜትር። ከኋላ ጥንድ ጎማዎች አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነና ቁመታቸው (ዲያሜትራቸው) ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ፣ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይግልና ይፈነዳል። በርካሽ የተገዛው ያገለገለ ጎማ ጥሩውንም ይዞ ይሄዳል።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። በየመንገዱ የቧንቧ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ከውጭ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ የተደፈነ ነው፤ ኩላንት በተጣራ ውሃ እየበረዘ የኖረ ሻጭ ካገኛችሁ ዋጋ ጨምሩለት። የራዲያተሩ ክዳንም ተራ ዕቃ አይደለም። በሐረር ከፍታ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ሲላላ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ይወጣል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል።

ሳትገዙ ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሡት። አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክፈቱ፤ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ዘይት ካለ ውሃ ገብቷል። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ሞተር የማስወረጃውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ካልተስማማ ተዉት።

የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ የባንክ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድንም በዓመቱ ኪሎ ሜትር ይካፈላሉ።

የፍሬን ወጪ በአነዳድ ይቀንሳል። ከደንገጎ ሲወርዱ በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ፍሬን ላይ የሚተኛ ሾፌር የፍሬን ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩት። የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚይዘው የጎማው ከበሮ) ላይም ረዳቱ ውሃ እንዳያፈስ ከልክሉት፤ ይሰነጠቃል፣ ታምቡር ደግሞ ከሸራ እጅግ ይወደዳል።