ወገባችሁ ሳይዛችሁ በፊት ምን ብታደርጉ ይሻላል

ብዙ ሰው "ጀሪካን ሳነሳ ነው ወገቤን የያዘኝ" ይላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዛን ቀን የጀመረ ነገር አይደለም፣ ሲጠራቀም ቆይቶ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሀል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ የራሱ የደም ስር የለውም ማለት ይቻላል፣ ምግቡን የሚያገኘው ስንንቀሳቀስ ጫን ለቀቅ ሲደረግ ነው፣ እኛ ደግሞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቁጭ፣ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ፣ ማታ ሶፋ ላይ ተጣመን ስልክ፣ በዚህ መሀል ወገብን የሚደግፈው የሆድና የመቀመጫ ጡንቻ እየሰነፈ ይሄዳል። እድሜና ዘርም ድርሻ አላቸው፣ ሲጋራም ዲስክ ይጎዳል።

ቁጭ ብላችሁ የምትሰሩ በየ30 ደቂቃው ብድግ በሉ፣ ስልክ ሲደወል ቆማችሁ አውሩ፣ ውድ ወንበር መግዛት የግድ አይደለም፣ ፎጣ ጠቅልሎ ከወገብ ጀርባ ማድረግ ራሱ ይረዳል።

ቤት ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ የእናቶቻችን ነገር ነው፣ ሳፋው መሬት ላይ ሆኖ ሁለት ሶስት ሰአት አጎንብሶ ልብስ ማጠብ ወገብ ይጨርሳል። እባካችሁ ሳፋውን ጠረጴዛ ወይ የተደራረበ ብሎኬት ላይ አውጡላቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመው እንዲያጥቡ፣ ምጣዱም እንደዛው ከፍ ይበል።

ጀሪካን ስታነሱ መጀመሪያ ተጠጉት፣ እግራችሁን ከፈት አርጉ፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ዝቅ በሉ፣ ሆዳችሁን ጠበቅ አርጋችሁ ጀሪካኑን ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ በእግራችሁ ጉልበት ተነሱ፣ መዞር ካለባችሁ ወገባችሁን ሳትጠመዝዙ እግራችሁን አዙሩ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ አንድ ጎን ከመጎተት ሁለት ባለ 10 ሊትር ግራና ቀኝ መያዝ በጣም ይሻላል። ጠዋት እንደተነሳችሁ ግን ከባድ ነገር አታንሱ፣ ዲስኩ ሌሊት ውሃ ስለሚይዝ ስታጎነብሱ ጫናው ይበዛበታል።

ስፖርት ካላችሁ ደግሞ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ላይ ማንሳት፣ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ ከዛ የእግር ጉዞ፣ በቃ ለመጀመር ይሄ ይበቃል።

ካመማችሁ አልጋ ላይ ለሳምንት አትተኙ፣ መተኛት ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም፣ በቻላችሁት መጠን ተንቀሳቀሱ፣ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ላይ "ዲስክህ ወጥቷል" ቢሏችሁም አትደንግጡ፣ ምንም ሳያማቸው ዲስካቸው የወጣ ብዙ ሰዎች አሉ።

ግን እግር ከዛለ፣ በጭን መሀል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት አብሮ ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳትመረመሩ እሽት ቤት ወይ ወጌሻ ጋ አትሂዱ።