ዳኑብን ተከትሎ ከፓሳው እስከ ቪየና፦ በራስ መሪነት የብስክሌት ጉዞ

አውሮፓን በብስክሌት ለማየት ለሚነሳ ጀማሪ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና የሚወስደውን የዳኑብ ወንዝ መንገድ የሚያህል ማግኘት ይከብዳል። ርዝመቱ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከአትላንቲክ ተነስቶ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ዩሮቬሎ 6 የተባለው የአውሮፓ ረጅም የብስክሌት መስመር አንድ ክፍል ነው። ጉዞው ከወንዙ ጋር ቁልቁል ስለሆነ አቀበት የለም ማለት ይቻላል። ነፋሱም በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከጀርባ ይገፋል። በተቃራኒው ከቪየና ወደ ፓሳው የሚሄድ ሰው ከአቀበቱ ይልቅ ነፋሱን ይፍራ። በ320 ኪሎ ሜትር ላይ የተበተነ የ130 ሜትር ከፍታ አይሰማም፤ የፊት ነፋስ ግን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ሰው በቀላሉ ወደ 12 ያወርደዋል።

የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው። በዚህ መንገድ ያ አገር ኦስትሪያ እንጂ ጀርመን አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው በተለምዶ 15 ቀን የሆነው የቪዛ የውሳኔ ጊዜ በአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ስለዚህ ከጉዞው አራት ወር ቀደም ብለው ማመልከቻውን ያስገቡ፤ ሕጉ ማመልከቻ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላል። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ብስክሌትን እንደ አደገኛ ስፖርት ቆጥረው የሚያስቀሩ ውሎች ስላሉ ሳይፈርሙ በፊት ያንብቡት። በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ግን አንድ ላይ መያዝ አለበት።

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው ባቡር ላይ ነው። ከሙኒክ ፓሳው የሚያደርሰው የክልል ባቡር ለብስክሌቱ የተለየ ቲኬት ይፈልጋል፤ የዶይችላንድ ቲኬት (በጀርመን የክልል ባቡሮች ላይ የሚያገለግለው ወርሃዊ ቲኬት) የያዘም ቢሆን ለብስክሌቱ ይከፍላል። በክልል ባቡር ቦታ አስቀድሞ አይያዝም። ክፍሉ ከሞላ ቀጣዩን መጠበቅ ነው፣ በአውሮፓ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ይሞላል። እንደ አይሲኢና ሬይልጄት ባሉት ፈጣን ባቡሮች ላይ ግን ለብስክሌቱ ቦታ ሳያስይዙ መሳፈር አይቻልም። ከቪየና የሚመለሱበትን ቦታ ከቤት ሳይወጡ ያስይዙ፤ መጨረሻ ላይ የሚጠፋው እሱ ነው። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ቦርሳዎቹን ከብስክሌቱ ያውርዱ። የተጫነ ብስክሌት በጠባብ በር፣ ደረጃ ላይ፣ በሁለት ደቂቃ ማንሳት ወገብ ይጎዳል። ይህን ሁሉ ለመሸሽ የሚሻ ሰው ፓሳው ላይ ተከራይቶ ቪየና ላይ መመለስ ይችላል፤ እንዲህ የሚያከራዩ አሉ።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም። ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ይኑረው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው በብሎን በደንብ የታሰረ ይሁን። ኮርቻውን ለመለካት ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያኑሩ፤ እግርዎ ልክ ከተዘረጋ ቁመቱ ትክክል ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ በሦስተኛው ቀን የጉልበት ፊት ለፊት ሕመም ያመጣል። ከፍ ያለው ደግሞ ዳሌን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ቆዳ ይልጣል። ጭነቱ ከ12 ኪሎ አይብለጥ፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው መሐል ይጠጋ። ሁሉንም ከላይ መቆለል በቁልቁለት ላይ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል።

የጎማው የአየር ግፊት፣ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከነጭነቱ፣ ከኋላ ወደ 4 ባር፣ ከፊት 3.5 ባር ይበቃል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ለመለዋወጫ ሁለት ከመነዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ መለጠፊያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ የካቴና ዘይትና ጨርቅ ይያዙ። ቫልቩ ቀጭን ነው ወይስ እንደ መኪና ወፍራም? ፓምፑም ከመነዳሪውም ከእሱ ጋር ካልገጠሙ ምንም አይጠቅሙም።

ጎማ ሲተነፍስ አየሩን ከመሙላት በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። ከመነዳሪውን አውጥተው ይንፉት፣ ከጉንጭዎ አጠገብ ያዙሩት፣ የሚነፍሰው ይሰማዎታል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ አየሩ አንሶ ስለነበር ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መሐል ተቆንጥጧል ማለት ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የቸርኬው የውስጥ ሽፋን ተንሸራቷል። በውጪው በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ጠርሙስ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ በጨርቅ እየዳበሱ ያግኙት፣ በባዶ እጅ አይሞክሩ። እሱን ሳያወጡ አዲስ ከመነዳሪ ማስገባት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛውን ማጣት ነው። ለመለጠፍ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ እርጥበቱ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጫኑት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ግን አይይዝም።

የቀኑ እርምጃ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሁን። ፓሳው–ሽሎገን ወደ 40፣ ሽሎገን–ሊንዝ 50 ገደማ፣ ሊንዝ–ግራይን 60፣ ግራይን–ሜልክ 50፣ ሜልክ–ክሬምስ 36፣ ከዚያ ቪየና ለመድረስ ሁለት አጫጭር ቀናት ይቀራሉ። በየዳርቻው የተለያየ መንገድ ስላለ ትልቁ ጥያቄ የትኛውን ዳር ልያዝ የሚለው ነው (ግራና ቀኝ የሚባለው ወንዙ ወደሚፈስበት ሲያዩ ነው)። ወንዙ ወደ ኋላ እስኪመስል በሚታጠፍበት ሽሎገን ላይ የግራው ዳር መንገድ ይቋረጣል፤ ቀኙን ይያዙ ወይም በጀልባ ይለፉ። ከግራይን በኋላ የቀኙ ዳር ጸጥ ያለ ነው። በሜልክና በክሬምስ መሐል ባለው በዋካው ሸለቆ ግን የግራውን ዳር ይምረጡ። ሽፒትስ፣ ቫይሰንኪርኸንና ዱርንሽታይን የሚገኙት እዚያ ነው፤ የአፕሪኮትና የወይን ማሳውም ወደ መንገዱ ይመጣል። ሸለቆው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመንገዱ ላይ ማውትሃውዘን አለ፤ የናዚዎቹ ማጎሪያ መታሰቢያ ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ ነው። አቀበቱ ከባድ ስለሆነ ብስክሌቱን ታች አስረው ይውጡ፤ ለሰዓት ሽሚያ የሚሆን ቦታ አይደለም፣ ግማሽ ቀን ይስጡት።

ሽፒትስ ላይ ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ሞተር የለውም። ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ የብረት ገመድ ተይዞ፣ ጀልባውን በአግድም ሲያዘነብሉት የውሃው ግፊት ራሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ ይቆማል። ሌሎቹም ጀልባዎች በአውሮፓ የብርድ ወራት አይሠሩም፤ በምሽትም ቀደም ብለው ያቆማሉ። የመጨረሻውን ሰዓት ያጣ ሰው እስከሚቀጥለው ድልድይ ወይም የግድቡ መሻገሪያ ድረስ ይነዳል። በሜልክና በኢብስ–ፐርዘንቦይግ ያሉት የኃይል ማመንጫ ግድቦች ለብስክሌት ክፍት ናቸው። ለጀልባ የሚሆን ሳንቲም አይጥፋዎት።

ዝናብ ከበዛ ወንዙ መንገዱን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ፓሳው ላይ ውሃው ወደ 12.9 ሜትር ደርሶ ነበር፤ የጎርፉ ምልክቶች በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ይታያሉ። ኡምላይቱንግ የሚል ቢጫ ምልክት ካዩ መንገዱ ተዘግቷል፣ ተለዋጩን ይከተሉ ማለት ነው። ውሃው ከሄደም በኋላ የቀረው ጭቃ ፍሬኑን ይይዛል፤ ማታ ብስክሌቱን በውሃ ያጥቡት፣ ካቴናውን ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ።

ማረፊያ ለማግኘት ዚመር ፍራይ የሚል ሰሌዳ ይፈልጉ፤ ባዶ ክፍል አለ ማለት ነው። በፈለጉበት ድንኳን መትከል አይፈቀድም፤ ካምፖች ግን በመንገዱ ላይ በየርቀቱ ይገኛሉ። እሑድ ሱቅ አብዛኛው ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ይሸምቱ። ነሐሴ ላይ ፍልሰታን የሚጾም ሰው በትናንሽ መንደሮች የሥጋና የዓይብ ምግብ ብቻ ሊያጋጥመው ስለሚችል ዳቦ፣ ለውዝና የታሸገ ምስር ይያዝ። በኦስትሪያ ለብስክሌተኛ የአልኮል ገደቡ 0.8 ፐርሚል (ከሺህ የደም ክፍል 0.8 አልኮል) ነው፤ የወይን ጠጁ ግብዣ በየማሳው ስለሆነ ይህን አይርሱ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራስ ቁር ማድረግ ግዴታው ነው።

ቪየና ሲቃረቡ ከክሎስተርኖይቡርግ በኑስዶርፍ በኩል የዳኑብ ቦይን ይከተሉ፤ መንገዱ ከትራፊክ ተለይቶ እስከ መሐል ከተማ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው የትራም ሐዲድ ነው። ጎማው ከሐዲዱ ጎን ለጎን ከሄደ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ይጥላል፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ያንሸራትታል። ስለዚህ ፍጥነትዎን ቀንሰው፣ መሪውን ወደ ሐዲዱ አዙረው፣ በተቻለ መጠን በቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ይሻገሩት። ሌሊት ብስክሌቱን ክፍሉ ውስጥ ወይም በተቆለፈ ግቢ ያሳድሩ።