የገና ዱላ በፓተንት መዝገብ የት ይገኛል? የስፖርት ፈጠራን መመደብና ምድቡን ማሻሻል

ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ላደገ ሰው የገና ዱላ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ እሩር (የገና ጨዋታ ኳስ) የሚመታበት እንጨት ነው። አንድ ወጣት ጫፉ የሚፈታና የሚቀየር ዱላ ሠርቶ መጣ እንበል። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እንዲህ ያለ ዱላ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተሠርቶ እንደሆነ ነው። ይህን የሚነግረው የዓለም የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) መዝገብ ነው፤ መዝገቡ የሚከፈተው ደግሞ በምድብ ቁጥር ነው።

1. ስሙን ትተው ሥራውን ይጻፉ። «ገና» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የሚፈልግ ሰው የሚደርሰው የበዓሉ ዕቃ ላይ ነው፤ የገና ዛፍ ማቆሚያ እንኳ የራሱ ቁጥር አለው፣ ኤ47ጂ 33/12። ስለዚህ «መሬት ላይ ያለ ኳስ የሚመታበት፣ ጫፉ የታጠፈና የሚፈታ ዱላ» ብለው ይጀምሩ።

2. ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። ዓለም አቀፉ የፓተንት ምድብ በ1971 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ ስምምነት የቆመ ሲሆን ከኤ እስከ ኤች 8 ክፍሎች አሉት። ኤ የሰው ልጅ ዕለታዊ ፍላጎት ነው፤ ኤ63 ስፖርትና ጨዋታ፤ ኤ63ቢ የአካል ማሠልጠኛና የኳስ ጨዋታ መሣሪያ፤ 59 ዱላና ራኬት። ከዚያ 59/70 ላይ ሲደርሱ ጫፋቸው የታጠፈ፣ እንደ ሆኪ ዱላ ያሉ መምቻዎችን ያገኛሉ። የእኛ ዱላ ቦታው እዚሁ ነው።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው የስፖርት ነገር ሁሉ 63 ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ለሚሮጥ አትሌት የታሰበ የመሮጫ ጫማ ኤ43ቢ 5/06 ነው። ለጉግስ የተሻሻለ ኮርቻ ቢ68ሲ ውስጥ ይፈለጋል። ገበጣ ወደ ኤ63ኤፍ 3/00 ይሄዳል። እሩሩ ማታ እንዲታይ መብራት ከተገጠመለት ደግሞ ኤ63ቢ 43/06 ነው። አንድ ፈጠራ ሁለትና ሦስት ቁጥር ቢይዝ ነውር የለውም፤ እንዲያውም መያዝ አለበት።

3. ጎረቤቶቹን ይዩ። ቁጥሩን በላቲን ፊደል (A63B 59/70) ኢስፓስኔት ወይም ፓተንትስኮፕ በሚባሉት የኢንተርኔት የፓተንት መፈለጊያዎች ላይ ያስገቡ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ሥዕሎቹን ይመልከቱ። የእርስዎን የሚመስል ከሌለ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይመለሱ።

4. የስፖርቱን ስም በተጨማሪ ቁጥር ያክሉ። አውሮፓና አሜሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋራ በሚጠቀሙበት ምድብ የሜዳ ሆኪ ኤ63ቢ 2102/22፣ የበረዶ ሆኪ 2102/24 ነው። ለገና በምድቡ ውስጥ አዲስ የራሱ ቁጥር ይከፈት የሚሉ ሰዎች ቁጭታቸው ይገባኛል፤ እኔም ይሰማኛል። ነገር ግን አሠራሩ አንድ ዓይነት የሆነን ዱላ ከሆኪው ለይቶ ማስቀመጥ የፓተንት መርማሪው እንዳያገኘው ማድረግ ነው። በአሠራሩ ከዘመዶቹ ጋር ይቀመጥ፤ ስሙን ግን ተጨማሪው ቁጥር ይያዝለት። መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ።

5. የአማርኛ ማውጫ ይሥሩ። በየሙያ ኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው ያሉ የፈጠራ ክበቦች አንድ ሠንጠረዥ ቢከፍቱ ይበቃል፦ የዕቃው ስም፣ ሥራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ የምድብ ቁጥሩ። ሩርም እሩርም የሚሉ ስላሉ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ። ሲጨርሱ ማውጫውን ዱላ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይስጡትና የዱላውን ቁጥር ፈልጎ ያገኘው እንደሆነ ይዩ። ካላገኘው የሚታረመው ማውጫው ነው።

6. ክፍተቱን ያመልክቱ። ዓለም አቀፉ ምድብ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የታደሰ እትም ይወጣለታል፤ የማሻሻያ ሐሳብ የሚቀርበው በየአገሩ የፓተንት መሥሪያ ቤቶች በኩል ስለሆነ የእርስዎ በር የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የፈለጉባቸውን ቁጥሮች፣ በእያንዳንዳቸው ያገኙትንና ያጡትን፣ ከነሥዕሉ ጽፈው ያቅርቡ። ከተቻለም ዱላውን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ የጫፉን መታጠፍ በእጁ ይዞ ያየ ባለሙያ 59/70 ለምን እንደተመረጠ ብዙ ሳይነገረው ይገባዋል።