ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፦ የዓለምን ንቅናቄዎች ስንከታተል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሩቅ አገር ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ዛሬ እኛም በስልካችን አብረን እንወጣለን። ላይክ እናደርጋለን፣ እንቀባበላለን፣ እንፈርዳለን። ዜግነት በምርጫ ቀን ድምፅ መስጠት ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ችግሩ፣ በቅን ልብ የምናደርገው ነገር አንዳንዴ የምንደግፈውን ንቅናቄ ራሱን ያደናቅፋል። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድሉን ሁሉ ለፌስቡክ መስጠት

የቱኒዚያውን አብዮት «የፌስቡክ አብዮት» ማለት የተለመደ ነው። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። መሐመድ ቡአዚዚ የተባለ የመንገድ ላይ ነጋዴ ሲዲ ቡዚድ ከተማ ላይ ራሱን ያቃጠለው ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ነው። ፕሬዚዳንት ቤን አሊ ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 አገር ጥለው ሸሹ። አንድ ወር እንኳ አልሞላም። በመሃሉ ነዋሪው በስልኩ እየቀረጸ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። አልጀዚራ ያንኑ አንስቶ ያሳያል፤ ኢንተርኔት የሌለው ቤትም በዲሽ ያየዋል። የሠራተኛ ማኅበራት ደግሞ አድማና ሰልፍ ያደራጃሉ። ሦስቱ ተደጋግፈው ነው የሠሩት። ግብፅ ውስጥማ መንግሥት ኢንተርኔቱን ለአምስት ቀን ገደማ ሲቆርጠው ታህሪር አደባባይ ጭራሽ ሞላ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1955 አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብላ በታሰረችበት ሌሊት፣ ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት በማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች። ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ ይላል። ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። የከተማዋ ጥቁሮች ግን ከዚያ በኋላ 381 ቀን በእግራቸውና በሰው መኪና ተመላልሰዋል። የሚዲያውን ሥራ እናደንቃለን፤ ያንን ሁሉ ቀን የሄደውን እግር እንረሳለን።

እይታን እንደ ውጤት መቁጠር

ማርች 2012 ላይ ኡጋንዳዊው የአማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ ይያዝ የሚል የ30 ደቂቃ ቪዲዮ በስድስት ቀን ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። ጉድ ተባለ። ኮኒ ግን ኡጋንዳን ለቆ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ብዙ ተመልካች ይህን ልብ አላለም። ኤፕሪል 20 ማታ በየከተማው ፖስተር እንዲለጠፍ ጥሪ ተደረገ። የወጣው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አጋርነት እያሳዩ መንገድ መዝጋት

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ የሚሠሩት ጥሩ ሰዎች ናቸውና። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለ በሳምንቱ፣ ጁን 2 ቀን 2020፣ ሚሊዮኖች ኢንስታግራም ላይ ጥቁር ካሬ ለጠፉ። ብዙዎቹ «ብላክ ላይቭስ ማተር» (የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው) የሚለውን ሃሽታግ ጨመሩበት። ሰልፈኞች ስለ መሰብሰቢያ ቦታ፣ ለታሰሩት ስለሚዋጣው ገንዘብ፣ ስለ ፖሊስ ድብደባ መረጃ የሚለዋወጡት ደግሞ በዚያው ሃሽታግ ነበር። በዚያ ቀን የከፈተው ሰው የሚያየው ጥቁር ብቻ ሆነ። ወደ ታች ቢወርድ ጥቁር፣ አሁንም ቢወርድ ጥቁር። ተሟጋቾች «እባካችሁ ሃሽታጉን አንሱት» እያሉ ለመኑ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሃሽታግ ከመጠቀማችሁ በፊት ክፈቱትና ሰዎች ምን እየሠሩበት እንደሆነ እዩ። የሥራ ቦታ ከሆነ አታጨናንቁት።

ልብ የነካንን ሁሉ ማመን

በ2011 «ደማስቆ ያለሁ ወጣት ሴት ነኝ» የምትል ጦማሪ ዓለምን አነጋገረች። ታጣቂዎች ወሰዷት ሲባል «ትፈታ!» ዘመቻ ተጀመረ፤ ትላልቅ መገናኛ ብዙኃንም ተቀባበሉት። ጸሐፊው ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር አሜሪካዊ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ፎቶውም የሌላ ሴት ነው። በእውነት እየታሰሩ የነበሩት ሶሪያውያን ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቢያንስ «ይህችን ሰው በአካል ያገኛት ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቴሌቪዥን ካላሳየው የለም ማለት

በ2013 ኢስታንቡል ላይ ፖሊስና የጌዚ ፓርክ ሰልፈኞች ሲጋጩ ሲኤንኤን ቱርክ የተባለው የአገሪቱ ቴሌቪዥን ስለ ፔንግዊኖች ዘጋቢ ፊልም እያሳየ ነበር። ቱርኮች ሲበዛ ቀልደኞች ናቸው፤ ፔንግዊኗን የተቃውሞው ምልክት አደረጓት። የፍሎይድም ሞት በመጀመሪያው የፖሊስ መግለጫ «የጤና እክል» ተብሎ ነበር የቀረበው። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ በዚያው ሊዘጋ ይችል ነበር።

የሰልፈኛን ፊት ማሳየት

እናንተ ጀግንነት ያላችሁትን ፎቶ መርማሪም ያየዋል። ፊት የሚለይበትን ምስል ሸፍናችሁ አጋሩ፤ የቆመበትን ቦታ የሚጠቁም ነገርም አጥፉ። ቀራጮቹ እናንተ ከሆናችሁ ግን ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፋችሁትን በማንኛውም ቀን ሊያጠፋው ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሚፈልገው ደግሞ ያልተቆረጠውን ነው።